በእድሩ ደንብ የሌለ ለቅሶ

አፌ ክፉ ነው። ይህን የውሃ ቢል ሊከፍል መስኮቴ ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ የአዳማ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። «ውሃ በሳምንት አንዴ እየመጣ ይህን ሁሉ ቆጠረብኝ» ብሎ ለሚጮህብኝ ደንበኛ አንገቴን አልደፋም፤ «ታዲያ ቆጣሪውን እኔ ወለድኩት?» እለዋለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ያልኳት ሴትዮ ደረሰኟን ከእጄ መንጭቃ «አንቺማ ምን ወልደሽ ታውቂያለሽ!» ብላኝ ሄደች። ሴትየዋ አታውቀኝም። አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው። እኔ ግን የዚያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም።

ነገሩ እውነት ነበራ። ከባሌ ጋር ከተጋባን አስራ አንድ ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ የለንም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰው «ምነው ቆያችሁ?» ይል ነበር። ከዚያ «ፈጣሪ በሰዓቱ ይሰጣል» ማለት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ዝም አለ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይሄ ዝምታው ነው። ልጅ ያላቸው ጓደኞቼ እኔ ስገባ ስለ ልጆቻቸው ማውራት ያቆማሉ፤ ወይ ጉድ፣ ሰው በልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ አጠገቤ ማማረር እንኳ አፈረ!

ያልሞከርኩት የለም። ጸበል ሰባት ቀን ገብቻለሁ። ሆድ የሚያሹ አሮጊት ጋ ሄጄ ሦስት ሳምንት ጎኔን አሞኛል። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንዱ ሐኪም ኪኒን፣ ሌላው ሌላ ኪኒን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ተይው የሚል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ማህፀኔን በራጅ አይቶ ሁለቱም ቱቦ ዝግ መሆኑን ነገረኝ፤ አዲስ አበባ ወዳለ ክሊኒክም ላከኝ። እዚያ ያለችው ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። «እንቁላሉን ከአንቺ እናወጣና ከባልሽ ዘር ጋር ውጪ እናገናኘዋለን። ከያዘ መልሰን ማህፀንሽ ውስጥ እናስቀምጠዋለን» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረን ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ባሌ ጉሮሮውን ከጠረገ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ በባሕርዩ ድምፅ የሚያሰማ ሰው አይደለም።

አርሲ ውስጥ ባለችው ደራ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በራሱ አይሱዙ ከአርሲ ነገሌ ገበያ ስንዴ እየጫነ አዳማ ላሉ ዱቄት ፋብሪካዎች ያራግፍ ነበር። ያቺን መኪና ለመግዛት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሮ ነድቷል። ከክሊኒኩ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ የደራ ነጋዴ ሸጣት። ነጋዴው ሹፌር ስላልነበረው ባሌን በወር ደሞዝ ቀጠረው። እኔ ስነፋረቅ «ምን ያስለቅስሻል? መኪናዋ ያቺው ናት፣ እኔም ያው ነኝ። የተቀየረው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው» አለኝ። በዚያ ገንዘብ ላይ የእኔን የጆሮና የአንገት ወርቅ ጨመርንበት። ለአንድ ሙከራ ብቻ በቃን። ለሁለተኛ የሚሸጥ ነገር እንደሌለን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን ግን አልተነጋገርንበትም።

ሕክምናው የሚጀምረው በመርፌ ነው። ለአስር ቀን ያህል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከእምብርት በታች። እንቁላሎቹን የሚያሳድገው እሱ ነው። ፋርማሲስቱ ብልቃጦቹን ሲሰጠኝ «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ እንዳይሞቅ፣ ደግሞ በረዶም እንዳይሠራ» አለኝ። እኔ የሰማሁት እንዳይሞቅ የሚለውን ነው። ከአዳማ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይሰማል?

የእኛ ፍሪጅ ከተቃጠለ ቆይቷል። ደህና ፍሪጅ ያላቸው ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ወሎ ነው የተወለዱት፤ አራት ልጆች በዚያች ሱቅ አሳድገው አስተምረዋል፤ ሰላት ሰዓት ሲደርስ ሱቁን ለማንም ትተው የሚገቡ፣ አንድ ማስቲካ ጠፍቶባቸው የማያውቅ ሴት ናቸው። ብልቃጦቹን በጥቁር ላስቲክ ይዤ ሄድኩ። በላያቸው ያለውን ጽሑፍ ማንም እንዳያነበው ወረቀቱን ቀድሜ ልጬዋለሁ።

«እትዬ፣ ይችን መድኃኒት ከለስላሳው ጋር ያስቀምጡልኛል?»

«ምን ሆንሽብኝ? የምን መድኃኒት ነው?»

«ስኳር» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ውይ በሞትኩት! በዚህ ዕድሜሽ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። የፍሪጁን ላይኛ መደርደሪያ ለእኔ ብቻ ለቀቁልኝ።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ስኳሬን አወቀ። ኧረ መሥሪያ ቤቴም ደረሰ! ሻይ ያለ ስኳር ይመጣልኝ ጀመር። የጎረቤቴ እናት የሽፈራው ዱቄት በማሰሮ ላኩልኝ። አንዱ ደግሞ ግራዋ ጨምቆ «በባዶ ሆድሽ» ብሎ ሰጠኝ፤ አምላክ ይይለት፣ ሦስት ቀን ምላሴ አልተፈታም። አለቃዬ የስኳር ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣዋል ብሎ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለውን መስኮት ሰጠኝ። ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም? ብዙ አስቤበታለሁ። ስኳር የሚታዘንለት በሽታ ነው፤ ሽፈራው ይመጣልሻል። ለመካን ግን የሚመጣው ምርመራ ነው። በወጣትነቷ ምን አስወርዳ ይሆን፣ የማን እርግማን ይሆን፣ ባሏስ ምን ይጠብቃል፣ ይባላል። እኔ ደግሞ ያን ወሬ በዚህ አፌ ስመልስ ልኖር ነው። ደከመኝና ዋሸሁ።

መርፌውን ከጀመርኩ ስድስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ፈነዳ። ግንቦት ነው፣ ከሙቀቱ የተነሳ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ዓርብ ደግሞ አዲስ አበባ የምታይበት ቀጠሮ ነበረኝ። በማለዳ ሱቁ ጋ ደረስኩና «እትዬ፣ መብራት እንደጠፋ ነው፤ መድኃኒቴ እንዳይሞቅብኝ አደራ» አልኳቸው።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ቆሜ ይሞቃል?» አሉኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ጥቁር ጥቁር ክብ ነገሮች ናቸው። በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ሰባት። «በጣም ደስ ይላል፤ በዚሁ ከቀጠለ አራት ቀን ነው የቀረን» አለች። ወደ አዳማ ስመለስ ከሚኒባሱ ውስጥ ለባሌ ደወልኩለት። አርሲ ነገሌ ገበያ ስንዴ እያስጫነ ነበር።

«ሰባት ናቸው!» አልኩት።

«ሰባት ምን?»

«ሰባት ኩንታል! አንተ ደግሞ!»

ሳቀ። ከዚያ «በይ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፤ መኪናው እንዳያንገጫግጭሽ» አለኝ። የፍጥነት መንገድ ላይ ምን የሚያንገጫግጭ ነገር አለ? እኔ ግን ቀጥ ብዬ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ አዳማ ደረስኩ።

ቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። እትዬ ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ነይ፣ ነይ እዪልኝ!» ብለው ከባንኮው ስር አንድ ትልቅ የዓሣ ሳጥን ጎተቱ። ለካ መብራቱ አልመጣም ብለው ወደ ገበያ በባጃጅ ሄደው ከዝዋይ ዓሣ ከሚያመጡት ነጋዴዎች በረዶ ገዝተዋል። ነጋዴው ደግሞ ጨው ካልነሰነሱበት ብርዱ አይጠነክርም ብሎ መክሯቸዋል። ሁለት ኪሎ ጨው ከሱቃቸው አውጥተው ነስንሰውበታል። መድኃኒቴን በላስቲክ ጠቅልለው መሀል ለመሀል ቀብረውታል። «ሙቀት ዝር አላለበት! ድንጋይ አስመስዬ ነው ያቆየሁልሽ!» አሉ።

ብልቃጡን አነሳሁት። ውስጡ ነጭ ሆኗል። ገለበጥኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ሦስተኛውን። አንዱማ ተሰንጥቋል።

ያኔ ነው የፋርማሲስቱ ሁለተኛ ቃል ትዝ ያለኝ። ሱቁ ውስጥ ዳቦ የሚገዙ ሁለት ሴቶችና ለስላሳ የሚጠጡ ባጃጅ ሹፌሮች ነበሩ። እኔ ማንም አልታየኝም።

«ልጄን ገደልሽብኝ!» ብዬ ጮህኩ። በአስራ አንድ ዓመት ጉርብትና እርስዎ እንጂ አንቺ ብያቸው አላውቅም። «ምን አድርጌሽ ነው? ሰባት ነበሩ እኮ! ሰባቱንም ገደልሽብኝ! ስኳር አይደለም፣ የልጅ መርፌ ነው! መኪናችንን ሸጠንበታል! ጨው! ጨው ትነሰንሽበታለሽ?»

እትዬ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና ቀስ ብለው ጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ከሹፌሮቹ አንዱ ጠርሙሱን ሳይጨርስ አስቀምጦ ወጣ።

ለዶክተሯ ደወልኩ። «በረዶ ከሠራ አይሆንም፤ አቅልጠሽ እንዳትወጊው። ዛሬ ማታ ሌላ ካገኛችሁ እንቀጥላለን» አለች። ፋርማሲውን ጠየቅኩ፤ ያለችው ያቺው እኔ የወሰድኳት ነበረች፣ ሌላ የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዶክተሯ ራሷ ወደምታውቃቸው ቦታዎች ሁሉ ደወለችልኝ። የለም። ከመሸ በኋላ መልሳ ደውላ ይህ ዙር መቆሙን ነገረችኝ። እንቁላሎቹ ምን ይሆናሉ ብዬ ጠየቅኳት። «መልሰው ይሟሽሻሉ» አለች።

ባሌ ከአርሲ ነገሌ ሲገባ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ» አለ። «እሺ? እሺ ብቻ ነው የምትለኝ?» ብዬ ጮህኩበት። ወጥቶ የሰውየውን መኪና በባልዲ ውሃ ያጥብ ጀመር። ምነው በሰደበኝ አልኩ። ጽሑፉን ልጬ የጣልኩት እኔ፤ ስኳር ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ። እትዬ ያደረጉት የተባሉትን ነው፤ እንዳይሞቅ አደራ ተባሉ፣ አላስሞቁም። ይህን እያወቅኩም ልቤ ይቅር አላላቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጠላኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው አስር የሚሆኑ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ኋላ ሁለት ወንዶች የእድሩን አግዳሚ ተሸክመዋል።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ልጅሽ ሞተ ብለሽ አልጮህሽም እንዴ?» አሉኝ መምህርቷ።

«መምህርት፣ የሞተ ሰው የለም። መድኃኒት ነው የተበላሸው። በእመቤቴ፣ ይሂዱልኝ።»

«ዝም በይ አንቺ! ለቅሶ የሚደርስ ሰው ባለቤቱን አያስፈቅድም» ብለው ገፋ አድርገውኝ ገቡ። ፍራሹን ከአልጋዬ አውርደው ወለሉ ላይ ዘረጉት። ግቢ ውስጥ የወንዶቹ እድር ሰብሳቢ ለባሌ ሲያስረዱት ይሰማኛል። «ደንቡን ሌሊቱን አየሁት። ሚስት አለ፣ ወላጅ አለ፣ ልጅ አለ። ይህኛው የለም። ስለዚህ ገንዘብ መክፈል አንችልም። አግዳሚ ግን ደንብ አይጠይቅም» ይላሉ። ባሌ «እሺ» አለ።

ሰው መጣ። ንፍሮ መጣ፣ ዳቦ መጣ። መስኮቴ ላይ ሰድቤያቸው የማውቃቸው ሁለት ደንበኞች ሳይቀሩ መጡ። ምን እንደሚባል ግን ማንም አላወቀም። አንዷ ከልማድ «ነፍስ ይ…» ብላ ጀመረችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላዋ «አላህ የተሻለውን ይተካላችሁ» አለች። እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ በውስጤ እየነደድኩ ነው። አሁን ይሄ ምን የሚሉት ቲያትር ነው? ያልተፀነሰ ልጅ ይለቀስለታል? ተነስቼ ሁሉንም ላስወጣ ስል እትዬ በር ላይ ታዩኝ።

አልገቡም። ጫማ የሚወልቅበት ደፍ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው አውርደውታል። ወደ እኔ አላዩም። ሁሉም እኔን ያያል፤ አፌን ያውቁታላ።

ተነሳሁ። ምን ልላቸው እንደተነሳሁ እስካሁን አላውቅም። አጠገባቸው ስደርስ ግን እዚያው ደፉ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን አየሁት፤ በጨው የተበላ የጣቶቻቸው ጫፍ ቀልቷል። ያን ሁሉ በረዶ በባዶ እጃቸው ነው የሰበሩት።

«ዋሽቼዎት ነው» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አፈር ስሆንልሽ» አሉኝ። «ለስኳር ብዬ እንዲያ የደከምኩ፣ ለልጅ ነው ብትይኝ ኖሮ ምን ባደረግኩ!»

«ጨው ይጨምሩ ነበራ!» አልኩ ሳላስበው።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ መምህርቷ ሳይቀሩ ሳቅን። ለቅሶ ቤት ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ተቃቅፈን ሳቅን። እትዬ ከሳቁ ሳይወጡ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ጀርባዬን ይመቱኛል። እኔ አሁንም አላለቀስኩም። ባሌ ግቢው ውስጥ ከወንዶቹ መሀል አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እሱም አላለቀሰም።

እንዲህ እንዳለን በግቢው በር አኮ ገቡ። አኮ በሰፈራችን ጫፍ የሚኖሩ በጣም ያረጁ የኦሮሞ ሴት ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ አኮ፣ አያቴ፣ ይላቸዋል። ዓይናቸው ብዙም አያይም። ስለ መርፌው የነገራቸው የለም፤ የእነ እከሌ ልጅ ሞተ መባሉን ብቻ ሰምተው ነው በምርኩዛቸው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት። እንደ ወጉ መጀመሪያ ወደ አባትየው ሄዱ። ባሌ ብድግ ብሎ ሁለት እጃቸውን ያዘ። ለቅሶ ላይ ሁልጊዜ የሚጠየቀውን ጠየቁት፤ እሱ ደራ ሲያድግ አፉን የፈታበት ቋንቋ መሆኑን ስለሚያውቁ በኦሮምኛ ነው የጠየቁት።

«ጉርባ ሞ ኢንተላ?»

ወንድ ነው ሴት? የእድሩ ሰብሳቢ ደንግጠው «አይ፣ አኮ፣ ነገሩ እንኳ…» ብለው ሊያስረዱ ተነሱ። ባሌ ግን አላስጨረሳቸውም።

«ኢንተላ» አለ።

ሴት። አላሰበበትም፣ አላመነታም። እንዲህ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የታሰበበት ነገር ነው። አስራ አንድ ዓመት አብሬው ስተኛና ስነሳ፣ ሴት ልጅ እንደሚጠብቅ አንድ ቀን አልነገረኝም፤ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። አኮ «ዋይ፣ ዋይ» ብለው ግንባራቸውን ደረቱ ላይ አስደገፉ፤ እሱም በቁሙ፣ በወንዶቹ ሁሉ ፊት፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ያንን ሲሰሙ አለቀሱላት። እትዬ አለቀሱላት። እኔም አለቀስኩላት።